አንድ የነሐስ አንበሳ ስንት ጊዜ ይወለዳል?

በነሐስ ስለሚሠሩ የዱር እንስሳት ቅርጾች ከአንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች በዛ ስላሉ፣ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹ ለአምዱ እንዲመቹ አጥረዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጆቼ ጋር ወደ ባልቲሞር ሄደን በማውንት ቬርነን አደባባይ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የነሐስ አንበሳ አየን። ልጄ ስልኳን አውጥታ ስትፈልግ ይኸው አንበሳ ፓሪስም እንዳለ አገኘች። ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው? የባልቲሞሩ ቅጂ ከሆነስ ይህን ያህል ክብር ለምን ተሰጠው?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ያዩት አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ የአንቷን ሉዊ ባሪ ሥራ ነው። ዊልያም ዋልተርስ የተባለ የባልቲሞር ባለሀብት አንበሳውን፣ ጦርነት፣ ሰላም፣ ኃይልና ሥርዓት ከተባሉት ከሌሎቹ አራት የባሪ ሥራዎች ጋር ለከተማዋ የሰጠው በ1885 ነው። ለጥያቄዎ አጭሩ መልስ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው የሚል ነው፤ ይህ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ነሐስን እንደ ሥዕል ከተመለከትነው ሁልጊዜ ግራ መጋባታችን አይቀርም።

ሠዓሊ ሸራውን በገዛ እጁ ስለሚቀባ ከእጁ የሚወጣው ሥራ አንድ ብቻ ነው። የነሐስ ቀራጺ ግን እንስሳውን የሚያበጀው በጭቃ ነው። ጭቃው በጀሶ ይገለበጣል፣ ከጀሶው ፎርማ (የቅርጹን መልክ በጎድጓዳው የሚይዝ መቅጃ) ይወሰዳል፣ ከፎርማው ሰም ይቀዳል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በለቀቀው ቦታ ነሐስ ይገባል። እንግዲህ አንዱ አንበሳ ከመቆሙ በፊት ደጋግሞ ይወለዳል፤ ፎርማው እስካልተበላሸ ድረስም ወንድሞች እየተከተሉት ይወጣሉ። ስለዚህ ስለ ነሐስ ቅርጽ መጠየቅ የሚገባው ነገር፣ ቅጂው ከቀራጺው ከራሱ ሞዴል ወጥቷል ወይ፣ ያፈሰሰው ማን ነው፣ ከፈሰሰ በኋላስ በሞረድና በመሮ ያጠናቀቀው የማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የባሪ ታሪክ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያሳያል። በ1795 ፓሪስ ውስጥ ከወርቅ ሠሪ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ፣ ብረትን ገና በልጅነቱ የተማረ ሰው ነበር። በ1833 በዓመታዊው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ እባብ የረገጠ አንበሳ በጀሶ ሠርቶ ሲያቀርብ ሕዝቡ ተደነቀ፤ ሥራውን ኦኖሬ ጎኖን የተባለው አፍሳሽ በሰም ስልት በነሐስ አውጥቶት በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ቆመ፤ ዛሬ ያለው በሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው። የሥነ ጥበብ ዳኞቹ ግን አራዊትን መቅረጽ ከሰው ምስል በታች የሆነ ሥራ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በ1837 ለአንድ መስፍን የማዕድ ጌጥ እንዲሆኑ የሠራቸውን ትናንሽ ቅርጾች ለኤግዚቢሽን አንቀበልም አሉት። እሱም ፊቱን ከዳኞቹ መልሶ ወደ ገበያው አዞረና፣ ተራ ቤተሰብ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው የሚችለውን ትንሽ ነብር፣ ትንሽ ዝሆን፣ ትንሽ አጋዘን እያባዛ መሸጥ ጀመረ። ለእያንዳንዱ እንስሳ መጀመሪያ አንድ የነሐስ ሞዴል ያወጣና ጸጉሩንና ጅማቱን ራሱ በመሮ ያጠናቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ከዚያ ሞዴል ላይ በአሸዋ ፎርማ እየወሰዱ ያባዙታል።

ሥራው ጥሩ፣ ሒሳቡ ግን መጥፎ ነበር። በ1845 ኤሚል ማርተን ከተባለ ሰው ጋር ያቋቋመው ድርጅት በ1848ቱ አብዮት ማግሥት ዕዳ ውስጥ ገባና ሞዴሎቹ በማርተን እጅ ቀሩ። እስከ 1857 ድረስ በባሪ ስም ይወጡ የነበሩት ቅጂዎች ቀራጺው ያልተቆጣጠራቸው ነበሩ። እሱ በ1875 ካረፈ በኋላም ብዙዎቹን ሞዴሎች ባርበዲየን የተባለው የፓሪስ ነሐስ አፍሳሽ ድርጅት በ1876 በሐራጅ ገዝቶ ለአሥርተ ዓመታት አባዝቷቸዋል። ስለዚህ ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ከባሪ ከራሱ አውደ ጥናት የወጣ፣ ሌላው በማርተን እጅ የተመረተ፣ ሦስተኛው ቀራጺው ከሞተ በኋላ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢዎች በዋጋ የሚለያዩአቸውም በዚህ ነው። የእኔን አስተያየት ከፈለጉ የባርበዲየን ቅጂዎች የሚናቁ አይደሉም፤ ጉድለታቸው ንጽሕናቸው መብዛቱ ነው፤ ባሪ ሆን ብሎ ሻካራ አድርጎ የተወውን የጋማ ጫፍ እነሱ አለስልሰውታል።

በዛሬው የፈረንሳይ የግብር ሕግ ከአንድ ሞዴል የሚወጡት እስከ ስምንት የሚደርሱ ቁጥር ያላቸው ቅጂዎች እንደ ኦሪጅናል ይቆጠራሉ፤ በልማድ ደግሞ አራት የቀራጺው ድርሻ ይታከሉባቸዋል። በባሪ ዘመን እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረም።

ወደ ባልቲሞር ሲመለሱ በአደባባዩ አጠገብ ወዳለው የዋልተርስ ሙዚየም መግባትዎን አይርሱ። ከባሪ ትናንሽ አራዊት ብዙዎቹ እዚያ አሉ፤ ከኢትዮጵያ ውጪ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱም በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከስብስቡ መካከል የአገራችን አንጥረኞች ባሪ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሰም ቀርጸው በብረት ያፈሰሷቸው የዑደት መስቀሎች ይገኛሉ። ልጆችዎ መስቀሉንና ነብሩን በአንድ ቀን ቢያዩ ሁለቱ ከቀለጠ ብረት የተወለዱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማንም ሳይነግራቸው ይገነዘባሉ።

ጥያቄ፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ሰሜን ተራሮች አካባቢ ስላደግሁ ዋልያን በቅርብ አውቀዋለሁ። ከአንድ ክንድ የማያንስ ወንድ ዋልያ ከጭቃ ሠርቻለሁ፤ በኋላ እግሮቹ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የፊቶቹን ወደ ላይ አንሥቷል። ወደ ነሐስ እንዲለወጥልኝ ምን ምን ማለፍ አለበት? ነሐሱ በጭቃው ውስጥ ነው የሚፈሰው?
(ከጎንደር)

መልስ፦ አይደለም፤ ነሐስ ጭቃህን በፍጹም አይነካውም። ይልቁንም ጭቃው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ነው፤ ስለዚህ ደርቆ ሳይሰነጠቅ አሁኑኑ እርጥብ ጨርቅና ፕላስቲክ አልብሰህ አቆየው።

የመጀመሪያው ሥራ ፎርማ መውሰድ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ አፍሳሾች ጭቃው ላይ ሲሊኮን ላስቲክ በስስ በስሱ ደራርበው ይቀቡና፣ ላስቲኩ ቅርጹን እንዳይስት ከውጭ በጀሶ ያለብሱታል። ያንተ ዋልያ እዚህ ላይ ያስቸግራል። በቀንዱ ፊት ለፊት የተደረደሩት ጉብታዎች፣ በአገጩ ሥር ያለው ጢም፣ በሆዱና በጭኑ መካከል ያለው ጎድጎድ ሁሉ ላስቲኩን ይዘው የሚያስቀሩ ቦታዎች ናቸው፤ ስለዚህ ባለሙያው ቀንዶቹን፣ ምናልባትም የፊት እግሮቹን ቆርጦ ለየብቻ ፎርማ ይወስድላቸዋል። ሲቆረጡ ስታይ አትደንግጥ፤ በኋላ በብየዳ ይገናኛሉ።

ፎርማው ሲከፈት ጭቃው ይወጣና በምትኩ የቀለጠ ሰም ይገባል። ሰሙ ፎርማውን አይሞላውም፤ ተንቀሳቅሶ ግድግዳው ላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪይዝ ድረስ ይዟዟርና ትርፉ ይገለበጣል። ነሐሱ በኋላ የሚኖረው ውፍረት ይኸው ነው። ባዶ የሰም ዋልያ እጅህ ላይ ሲደርስ ሥራው ወደ አንተ ይመለሳል፤ ፎርማው የተገናኘበትን መስመር ትፍቃለህ፣ በአረፋ የተበሳውን ትደፍናለህ፣ ጸጉሩ የደበዘዘበትን በጋለ መርፌ መልሰህ ትጭራለህ። በዚህ ደረጃ አትቸኩል እልሃለሁ፤ የሰም ስሕተት በጣት ይስተካከላል፣ የነሐስ ስሕተት ግን በማሽን፣ በብዙ ድካምና በብዙ ገንዘብ ነው የሚስተካከለው። ሰሙ ላይ የቀረ የአውራ ጣት አሻራ እንኳ ነሐሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ከዚያ በሰሙ አካል ላይ የሰም ዘንጎች ይተከላሉ። ገሚሶቹ ነሐሱ የሚወርድባቸው ቦዮች፣ ገሚሶቹ አየር የሚወጣባቸው ናቸው። ይህን የሚያቅደው አፍሳሹ ነው፤ የቅርጽን ውበት ባይማርም ፈሳሽ ብረት በየት ሄዶ የት እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል፤ ባላወቀ ጊዜ ዋልያህ አንድ ሰኮና ጎድሎት ይወጣል። ቀጥሎ ሰሙ በሴራሚክ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል፤ ሲደርቅ እንደገና ይነከራል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ ተደጋግሞ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ዋልያው ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ለቅኔያችን ስያሜውን የሰጠው የአንጥረኛ ስልት ይኸው ነው፤ አንጥረኛው በሴራሚኩ ፈንታ ጭቃ ይጠቀማል እንጂ።

ነሐስ በዱሮው ቀመር ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቲን ነው። ዛሬ ብዙ አፍሳሾች ቲኑን ሲሊኮን በተባለው ንጥረ ነገር (ከላይ ባየነው ላስቲክ አይደለም) ተክተው 95 በመቶ ያህል መዳብ ያለበትን ድብልቅ ይመርጣሉ፤ ለብየዳ ይመቻልና። ወደ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ግሎ ይፈስሳል፤ ቅርፊቱም ትኩስ እንዳለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ብረቱ እንደ ዋልያ ቀጭን እግር ባለ ጠባብ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሰኮናው ጋ ሳይደርስ ይረጋል። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ በመዶሻ ይሰበራል፣ ቦዮቹ ይቆረጣሉ፣ ቀንዶቹ ይበየዳሉ፣ የብየዳው ጠባሳ ተሞርዶ አጠገቡ ያለው ጸጉር ዓይነት ጭረት ይሰጠዋል። የጥሩ አፍሳሽ ቤት መለኪያው ይህ ነው፤ ብየዳው የት እንደነበረ ፈልገህ ካጣኸው ሥራው ተሠርቷል።

ስለ አቋቋሙ አንድ ነገር ልጨምር። በድንጋይ ቢሆን ኖሮ በሁለት እግሩ የቆመ ዋልያ ከሆዱ ሥር ግንድ ወይም ቋጥኝ ካልተደገፈለት ቁርጭምጭሚቱ ይሰበር ነበር። ነሐስ ግን ጥንካሬው ከፍተኛ፣ ውስጡም ባዶ ስለሆነ ይህን ያስችላል። ማድሪድ ውስጥ ያለው የንጉሥ ፊሊፕ አራተኛ ሐውልት ፈረሱ በኋላ እግሮቹ የቆመ ሲሆን፣ ፒዬትሮ ታካ በ1640 ያጠናቀቀው ነው፤ ስለ ሚዛኑ ጋሊሊዮ እንዳማከረው ይነገራል። ዘዴው የፊተኛውን አካል ስስ፣ የኋለኛውን ከባድ ማድረግ ነው። አንተም በኋላ እግሮቹ ውስጥ የማይዝግ ብረት ዘንግ አልፎ ገደሉ ውስጥ እንዲታሰር፣ የገደሉም ግድግዳ ከገላው ይልቅ ወፍራም እንዲሆን አስቀድመህ ከአፍሳሹ ጋር ተነጋገር።

ሙሉ ሥራውን የሚያስፈስስ ገንዘብ እስክታገኝ ድረስ ዋልያህን በጀሶ ገልብጠህ አስቀምጠው፤ ጀሶ ዓመታት ይጠብቅሃል። እስከዚያው የዋልያ ራስ ብቻ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም ሳይበልጥ፣ በንብ ሰም ቀርጸህ መስቀል ወደሚያፈስስ አንጥረኛ ሂድ። ድፍን አድርጎ ስለሚያፈስሰው ትልቅ አታድርገው፤ ወፍራም ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ገላው ላይ ጎድጓዳ ያወጣል። ለብቻህ ግን አትሞክረው። በደንብ ባልደረቀ ፎርማ ላይ የቀለጠ ብረት ሲያርፍ እርጥበቱ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ብረቱን ወደ ፊትህ ይረጨዋል፤ ይህ በየትም አገር የአፍሳሾች ቀንደኛ ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ የሥዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ እንስሳ ሲቀርጹ የሚመለከቱት ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ነው። እኔ ደግሞ ሕያው እንስሳ ካላያችሁ አይሆንም እላቸዋለሁ። ታላላቆቹ ቀራጺዎች እንዴት ነበር የሚሠሩት? እኔስ ወግ አጥባቂ ሆኜ ይሆን?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገርዎ። ፎቶግራፍ እንስሳውን ከአንድ ወገን ብቻ ያሳያል፤ ቅርጽ ግን ዙሪያውን ነው የሚታየው። ተማሪው ያላየውን ወገን ከራሱ ሲፈጥር ከግራ በኩል ሕያው የሆነው እንስሳ ከቀኝ በኩል የተሞላ ጆንያ ይመስላል። ከዚህም የባሰው ደግሞ ፎቶግራፉ ክብደቱን አለመናገሩ ነው። አንበሳ ሲራመድ ትከሻው ከጀርባው መስመር በላይ ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ ያ መነሣትና መውደቅ በቆመ ምስል ላይ ተራ ጉብታ ይሆናል።

ከላይ የጠቀስነው ባሪ አንበሳና ነብር ወዳሉበት አገር ሄዶ አያውቅም። የእሱ አፍሪካና እስያ በፓሪስ የዕፅዋት ስፍራ የነበረው የእንስሳት ግቢ ነበር። ከሠዓሊው ከደላክሯ ጋር እየሄደ ይነድፍ ነበር፤ በ1828 ከግቢው አንበሶች አንዱ ሲሞት ደላክሯ ፈጥነህ ድረስ የሚል መልእክት ላከለት፤ ሁለቱም ሬሳው ሲበለት ቆመው እየለኩ ነድፈዋል። በኋላ በዚያው ተቋም የእንስሳት ንድፍ መምህር ሆኗል፤ በኋላ ታዋቂ ቀራጺ የሆነው ወጣቱ ሮዳንም ለጥቂት ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር።

ከባሪ የሚለየው፣ እኔም በግሌ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሬምብራንት ቡጋቲ ነው። በ1884 ሚላን ተወለደ፤ መኪናውን የሠራው የኤቶሬ ቡጋቲ ታናሽ ወንድም ነው። ብዙ ዓመታቱን ያሳለፈው ቤልጅግ ውስጥ በአንትወርፕ የእንስሳት ግቢ ሲሆን፣ አጥሩ ፊት ቆሞ፣ ንድፍ ሳያስቀድም፣ በቀጥታ በማይደርቅ ጭቃ ይቀርጽ ነበር። በፓሪሱ በኤብራር ቤት በሰም ስልት የፈሰሱትን ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው በጣቱ ያድቦለቦላቸው የጭቃ እንክብሎች በእንስሳው ገላ ላይ ተለጥፈው እንደቀሩ ነው፤ አንድ ጸጉር አልጫረም፤ ሆኖም ዝሆኑ ዝሆን፣ አቦሸማኔው አቦሸማኔ ነው። በ1914 ጦርነቱ አንትወርፕ ሲደርስ አደገኛ የተባሉት አራዊት እንዳያመልጡ ተብለው ተገደሉ። እሱ በቀይ መስቀል ውስጥ ቁስለኞችን ይረዳ ነበር። በጥር 1916 በፓሪስ በገዛ እጁ ሕይወቱን ሲያጠፋ ገና 31 ዓመቱ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በሁለት እግሯ የቆመች አንዲት ትንሽ የዝሆን ቅርጹ ሩዋያል በተባለው የወንድሙ መኪና አፍንጫ ላይ ተቀምጣለች።

ሦስተኛው ፍራንሷ ፖምፖን ነው። ለብዙ ዘመን ለሮዳንና ለሌሎች እብነ በረድ ሲጠርብ ኖሮ በ1922 ነጭ ድብ አቀረበና በ67 ዓመቱ ዝነኛ ሆነ። ትንሽ የሥራ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንስሳውን እየተከተለ ይቀርጽ ነበር ይባላል። ዘዴው መጀመሪያ ሁሉንም ዝርዝር አስገብቶ በኋላ መቀነስ ነበር፤ ጸጉሩን፣ ጥፍሩን፣ እጥፋቱን እየፋቀ የቀረው እርምጃው ብቻ ነው። ጸጉር ሁሉ የተቆጠረባቸው የዛሬ የነሐስ አንበሶች አብዛኞቹ የሚያሰለቹኝ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቀራጺው ሁሉን ከማስገባቱ የተነሣ እንስሳው የሚንቀሳቀስበትን ቦታ አጥቷል።

እርስዎ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የመንዝ ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው ጓሳ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮ እንደ ሌሎች ዝንጀሮዎች ስለማይሸሽ ለቀራጺ የተመቸ ነው፤ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነቀለ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሲበላ ተማሪው ለረዥም ጊዜ ሊያየው ይችላል። ወንዱ ነፋስ ሲነሣ ጋማው በአንድ ወገን ተኝቶ የትከሻው አጥንት ይታያል፤ ተማሪዎቹ ያንን ቅጽበት እንዲጠብቁ ያድርጉ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ግን በነሐስ በቀለም አይወጣም፤ ጸጉር የሌለበት ለስላሳ ቦታ መሆኑን በዙሪያው ካለው ሻካራ ጸጉር በመለየት ነው የሚያሳዩት። ስልኩም ቢሆን አይጣል፤ አጭር ቪዲዮ የሰኮናንና የመዳፍን አነሣሥ ለማጣራት ይጠቅማል፤ ቅርጹ ከተጀመረ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አይሁን።

ጥያቄ፦ ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ የማን ሥራ ነው? ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን ከሠራው ሰው ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ። ደግሞስ አንዳንዱ ሐውልት ወርቃማ፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ አረንጓዴ የሚሆነው ለምንድን ነው?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። የለገሃሩ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ጋርዴ ከ1863 እስከ 1939 የኖረ፣ ባሪ በከፈተው መንገድ የተከተለ የእንስሳት ቀራጺ ሲሆን፣ በፓሪስ ሞንሱሪ መናፈሻ ውስጥም ከዘንዶ ጋር የሚታገል አውሬ በነሐስ ሠርቶ አቁሟል። የለገሃሩ አንበሳ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ በ1930 ቆመ፤ በወረራው ጊዜ ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። የብሔራዊ ቴአትሩ ግን ሞሪስ ካልካ በ1955 የሠራው የድንጋይ አንበሳ ነው። ሁለቱን አከታትለው ይመልከቷቸው፤ የለገሃሩ በእግሮቹ ቆሞ በመዳፉ ባንዲራ የሚይዝበት፣ የቴአትሩ ደግሞ ገላው እንደ ቋጥኝ የተጠቀለለበት ዋናው ምክንያት የተሠሩበት ነገር የሚፈቅደው ስለሚለያይ ነው።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የለገሃሩ አንበሳ ወርቅ ቅብ ነው፤ ወርቅ በአየር ስለማይለወጥ ቅቡ እስካለ ድረስ ያበራል። ያልተቀባ ነሐስ ግን አየር ላይ ሲቆም መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ዝናብና ጭስ በበዛበት ደግሞ አረንጓዴ ይለብሳል። ቀራጺው ይህን ለዓመታት ሳይተው ራሱ ሊወስነው ይችላል። ነሐሱ በእሳት ይግልና ኬሚካል በብሩሽ ይቀባል፤ ፖታሺየም ሰልፋይድ ወደ ቡናማና ጥቁር፣ ፌሪክ ናይትሬት ወደ ቀላ ያለ ቡናማ፣ የመዳብ ናይትሬት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይወስደዋል፤ በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ስለዚህ ያ ጥቁር ገጽ እድፍ አይደለም። በሎሚና በአመድ የሚያጥብ ሰው ካዩ ያስቁሙት፤ ነሐሱ የለበሰውን ገልጦ ራቁቱን ያስቀረዋል። ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ሰም በቂ ነው።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት የሚሸጥ የጥንት ነብር አገኘሁ፤ ነሐስ ነው፣ የባሪ ፊርማም አለው ይላል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። እንዴት ላጣራ?
(ከዱባይ)

መልስ፦ ፊርማውን ከሁሉ በኋላ ይመልከቱት፤ ፊርማ ከቅርጹ ጋር አብሮ ይገለበጣልና ከማንኛውም ቅጂ ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ፤ ከያዘው ነሐስ ሳይሆን ተራ ብረት ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ገልብጠው በማይታይ ቦታ በትንሹ ይጫሩት፤ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣ ዚንክ ነው፤ ነሐስ ወደ ወርቃማ ቢጫ ይጫራል። እጅዎ ላይ ቀለል ብሎ ቶሎ የሚሞቅ ከሆነ የነሐስ ዱቄት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ መሆኑን ይጠርጥሩ።

እነዚህን ሁሉ ካለፈ በኋላ መጠኑን ይለኩ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ አንድ ሰው ከተሸጠ ቅርጽ ላይ ፎርማ ወስዶ ሌላ ካፈሰሰ፣ አዲሱ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ 40 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ነብር ላይ ልዩነቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የጢሙና የጥፍሩ ጠርዝም ይደበዝዛል። የባሪ ሥራዎች መጠን በሙዚየም ካታሎጎች ውስጥ ታትሟል። ከሻጩ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ነገር እንግዲህ የመቀመጫው ርዝመት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነና የሥሩ ፎቶግራፍ ይሁን፤ ሁለቱን ለመላክ ካመነታ ገንዘብዎን አይላኩ።